ሰማንያ አምስት ዲግሪ

ወልድያ፣
ኅዳር 13 ቀን 2018 ዓ.ም

ይድረስ ለባለቤቴ ለዓሪፍ፣
ጅቡቲ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

ዓሪፍ፣ ከሄድክ ሦስት ወር ተኩል ሆነህ። ስልክህ ይጠራል፣ አይነሳም። የምልክልህን መልእክት ታየዋለህ አታየውም፣ ይህንንም አላውቅም። ስለዚህ እንደ ድሮ ሰው ወረቀት ይዤ ቁጭ አልኩ። ደብዳቤውን የሚያደርስልህ አማን ነው፤ የሐራው፣ ተሳቢ የሚነዳው ዘመድህ። «እጁ ላይ ሳላስቀምጥ አልመለስም» ብሎ ምሎልኛል። መነጽርህን ረስተህ ስለሄድክ አብሬ ልኬዋለሁ። ሙቀቱ እንዴት ይዞሃል? ምግብስ ማን ያበስልልሃል? እዚያ በሐምሌ ሰው ድንጋይ ላይ እንቁላል ይጠብሳል ሲሉ ሰምቼ ስንት ቀን እንቅልፍ አጣሁ። አሁንስ በርዶላችኋል ይላሉ፤ ኢንሻአላህ እውነት ይሁን።

እኔ አልሐምዱሊላህ በሕይወት አለሁ። ማስተማሩን አልከለከሉኝም። የቤተ ሙከራው ቁልፍ ግን ነገሩ እስኪጣራ ተብሎ ከእኔ ተወስዶ ለወንዳወቅ ተሰጥቷል። ወንዳወቅን ታውቀዋለህ፤ ያ ዝምተኛው ቴክኒሺያን። ቁልፉን የተቀበለ ቀን አፍሮ ቀና ብሎ ሊያየኝ አልቻለም። እናትህም እኔ ዘንድ ናቸው፤ ከመስከረም ወዲህ አብረን ነን። ለምን እንደመጡ በቦታው እነግርሃለሁ። ከመሀል ብጀምረው እንደ ጠብ ይሆንብኛልና ከመጀመሪያው ልነሳ። አንተ የሄድከው ነገሩ ሳያልቅ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የሆነውን የሚነግርህ ሰው ያለም አይመስለኝም።

በታኅሣሥ 2016 ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ ጥቁር የዋልካ አፈር በባጃጅ ጭነህ ቤተ ሙከራችን የመጣህበት ቀን ትዝ ይልሃል? ጫማህ በጭቃ ተለውሶ ጽዳት ሠራተኛዋ ተቆጣችህ። ከመርሳ በታች ሳሙና ፋብሪካ ሊተከል ነው፣ እጣቢው የሚጠራቀምበትን ኩሬ እኔ ነኝ የማሠራው፣ ወለሉን በዚህ አፈር ልደለድለው ነው፣ ውሃ ያሳልፋል አያሳልፍም መርምሪልኝ አልከኝ። ደስታህ ፊትህ ላይ ይነበብ ነበር። ከእናትህ ሰፈር ሰው ሊቀጠር ነው፤ ልጆቹ ዓረብ አገር መሄዳቸውን ሊተዉ ነው።

የመጠየቂያ ቅጹን ራስህ ሞላኸው። «የፈሳሹ ዓይነት» ለሚለው «ውሃ» ብለህ ጻፍክ። «የፈሳሹ ሙቀት» የሚለው ላይ ሰረዝ አደረግክ። እኔም አልጠየቅኩህም። ሌላ ሰው ቢያመጣው ኖሮ መልሼ አስሞላው ነበር፤ ባሌ ስለሆንክ አለፍኩት። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ በማንም ላይ አላላክከውም።

ዋልካውን በንጹሕ ውሃ ፈተንኩት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ውሃ ተጭኖበት ከሥሩ አንዲት ጠብታ አልወጣችም። ፈረምኩ፣ ማኅተም አስመታሁ። ያን ቀን መርሳ ወርደን ብርቱካን በልተን፣ እናትህ ዘንድ ጎራ ብለን፣ እሳቸውም ሁለታችንንም መርቀው ሸኙን።

ፋብሪካው ሥራ ጀመረ። ከታችኛው ሰፈር ብቻ ሠላሳ ሰባት ሰው ገባ። እናትህ ውሃ ቀድተው ሲመለሱ በኩሬው በኩል የሚዞሩት መንገዱ ቀርቧቸው አልነበረም። «ልጄ ያሠራው ነው» ለማለት ነበር።

ከዚያ በዓመቱ፣ በግንቦት፣ የእናትህ ሰፈር ሸህ አብዱልሐሊም ከግራና በሚመጣው መኪና ተሳፍረው ቤተ ሙከራ ድረስ መጡ። በዚያ ዕድሜያቸው ደረጃውን ቆም ቆም እያሉ ወጡት። ከፌስታል ውስጥ አንድ ሃይላንድ ውሃ አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አቆሙት።

«ነኢማ ልጄ፣ እስቲ ቅመሺው።»

«ሸህ፣ እዚህ ቤት ምንም አይቀመስም» አልኳቸው እየሳቅኩ።

አልሳቁም። «እኛ ወር ሙሉ ቀምሰነዋል» አሉኝ። «ሻዩ ጨው ጨው ይላል። ላሞቹ አሽትተው ይመለሳሉ። ከጉድጓዱ ሥር ያለው የረሂማ ብርቱካን ቅጠሉ ከጫፉ እየተቃጠለ ነው። ሰዉ ፈርቶ ነው እንጂ የሚለው አለው። አንቺ የእኛው ነሽ፤ እውነቱን ንገሪን።»

ለካሁት። ጨዉ አምና ከነበረው ዐሥር እጥፍ ገደማ ሆኗል። የሳሙናው ፖታሽም፣ ያ የአመድ ጨው፣ በግልጽ ታየ። ምሽቱን ነገርኩህ፤ «ጉድጓዱ ድሮም ጨዋማ ነው» አልክ። እኔ ግን ከዚያ ጉድጓድ ሙሽራ ሆኜ ውሃ ቀድቻለሁ። ጨዋማ አልነበረም።

በማግስቱ ለማንም ሳልናገር ቴርሞሜትር ይዤ ወረድኩ። ቱቦው ኩሬው ላይ በሚፈስበት አፍ ላይ ያዝኩት። ሰማንያ አምስት ዲግሪ። እንፋሎቱ ፊቴን አቃጠለኝ። ሳሙናው ከድስቱ ሲለይ የሚቀረው ያ ጨውና ፖታሽ የጠገበ ውሃ፣ ሳይቀዘቅዝ ነበር ቀንም ሌትም ዋልካው ላይ የሚተኛው።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ሥራ ወንዳወቅና እኔ ነን የሠራነው። በጦርነቱ ጊዜ ዕቃዎቻችን እንደተዘረፉ ታውቃለህ፤ ግፊት የሚችል ዕቃ አንድም አልተረፈልንም ነበር። ወንዳወቅ ቶርኖ ቤት ሄዶ፣ ከብረት ቀራጮቹ አጠገብ ቆሞ፣ ሦስት ወፍራም የብረት ቆርቆሮ ከነክዳናቸው አስቀረጸ። እንፋሎት እንዳያመልጥ ክዳኑ ሥር የሚገባውን ጓርኒሲዮን ከአሮጌ የሲኖትራክ ሞተር ቆርጦ አመጣ። በአንደኛው ዋልካና ንጹሕ ውሃ ጨምረን ኦቨን ውስጥ አስገባነው። በሁለተኛው ዋልካና የፋብሪካውን ውሃ ጨምረን እንዲሁ ቀዝቃዛ መደርደሪያ ላይ ተውነው። በሦስተኛው ያንኑ የፋብሪካ ውሃ ጨምረን በሰማንያ አምስት ዲግሪ አቆየነው። መብራት ሲጠፋ ወንዳወቅ ጄኔሬተሩን ለማስነሳት ይሮጣል፤ ናፍጣው ካለቀ ደግሞ ኦቨኑን በብርድ ልብስ ይጠቀልለዋል። አንድ ቀን «የታመመ ልጅ ነው የምናስታምም የሚመስለው» አለኝ። አርባ ቀን እንዲህ አለፈ።

ሲከፈቱ ያየሁትን ለእናትህ ባሳየኋቸው መንገድ ልንገርህ። ከሁላችንም ፈጥኖ የገባቸው እሳቸው ናቸው። በጥቅምት አንድ ቀን «እናንተ የተማራችሁ፣ ዋልካን ምን አደረጋችሁት?» ብለው ጠየቁኝ። ሁለት የሻይ ብርጭቆ ውሃ ሞልቼ ፊታቸው አስቀመጥኩ። በአንደኛው ከማሳችሁ የመጣ ደረቅ የዋልካ ዱቄት አንድ ማንኪያ በተንኩ። በሌላው ከሦስተኛው ቆርቆሮ የወጣውን በተንኩ። ከቀትር በኋላ እስካለው የአስር ሶላት ጠበቅን። የመጀመሪያው እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ የብርጭቆውን ግማሽ አልፏል። ሁለተኛው እንደ አሸዋ እታች ተኝቷል።

«ዋልካ ዓይን የማያየው ስስ ስስ ገጽ ነው» አልኳቸው። «ገጾቹ ተደራርበዋል፤ በመሀላቸው ውሃ ይጠጣሉ። ሲጠጡ ያብጣሉ፣ ስንጥቁን ሁሉ ይደፍኑታል። ለዚህ ነው በበጋ ጥጃ እግሩን የሚሰብርበት ስንጥቅ በክረምት የሚጠፋው።»

«እሱን እኔም አውቃለሁ» አሉ። «ስትነግሪኝ የቆየሽውን ጨው ንገሪኝ።»

«ጨዋማው ውሃ ሲመጣ ፖታሹ በገጾቹ መሀል ይገባና ውሃውን ገፍቶ ያስወጣዋል። ገጾቹ ይጠጋጋሉ፣ አፈሩ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል። ቀዝቃዛ ከሆነ ግን መድኃኒት አለው። በዝናብ ውሃ ደጋግመን ስናጥበው ፖታሹ አብዛኛው ወጣለት፤ ተመልሶ አበጠ። ሙቀት ሲጨመርበት ነው የሚብሰው። የገጾቹ ፊት ራሱ ይለወጣል፤ ፖታሹ መሀላቸው ተቆልፎ ይቀራል። ከዚያ በኋላ የቱንም ያህል ቢታጠብ አይከፈትም። ስሙም ዋልካ መሆኑ ይቀራል፤ ሌላ ማዕድን ነው።»

እናትህ ሁለተኛውን ብርጭቆ አንስተው ወደ ብርሃኑ አዩት። «እሳት ባይነካው ኖሮ ይድን ነበር ማለት ነው» አሉ።

«አዎ እማ።»

«እሳት እንዳለበት ማን ያውቅ ነበር?»

ብርጭቆውን ከእጃቸው ተቀብዬ ልጥብ ወጣሁ።

የሦስተኛውን ናሙና አዲስ አበባ ልከን በኤክስሬይ አስመረመርነው። መንገዱ ተዘግቶ ውጤቱ ቢዘገይም በሐምሌ መጨረሻ ደረሰን። ከገጾቹ ብዙዎቹ ተዘግተው ቀርተዋል። በማግስቱ ጁምዓ ነበር። ከሶላት ስትመለስ ወረቀቱን ሰጠሁህ። የተባባልነውን ሁሉ አንተም አትረሳውም፤ ግን ስለ ራሴ እንዳልዋሽ እደግመዋለሁ።

«ውሃው እኮ ኩሬው ውስጥ ይቀዘቅዛል» አልከኝ።

«ቱቦው አፍ ላይ ሰማንያ አምስት ነው። ራሴ ለክቼዋለሁ።»

«አንድ ቀን ለክተሽ ነው?»

«አራት ቀን ለክቼ ነው፣ ዓሪፍ።»

«እሺ፣ ምን ልታደርጊ ነው? ፋብሪካው ይዘጋ ብለሽ ልትጽፊ? ሠላሳ ሰባት ቤት ያለ እንጀራ ልታስቀሪ? ፈርመሻል እኮ! ማኅተምሽ አለበት!»

«ስለፈረምኩ ነው። ፊርማዬን ልመልስ ነው።»

ኮፍያህን አነሳህ። «ፊርማሽን ከመለስሽ እኔንም እንደመለስሽ ቁጠሪው» አልክ። በማግስቱ ጠዋት ሻንጣህን ይዘህ ስትወጣ «አትሂድ» ማለት ሲገባኝ «ቁርስ አልበላህም» አልኩህ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ጻፍኩ። ፋብሪካው በሁለት ሳምንት ቆመ። ከዚያ በኋላ የደረሰብኝን ለማማረር ብዬ አይደለም የምነግርህ፤ እንድታውቀው ብቻ ነው። ሥራ ያጡት «ዘጋችብን» ይሉኛል። ውሃቸው የተበላሸባቸው «ፈርማ ያስገባችብን እሷ ናት» ይሉኛል። ሁለቱም እውነት ነው። በነሐሴ ለለቅሶ ወረድኩና ሴቶቹ ቦታ ለቀቁልኝ፤ ግን ማንም አጠገቤ አልተቀመጠም። ሥራ አስኪያጁ አቶ በላይ ለሁሉም «እኛ ባለሙያ አምነን ነው» እያሉ ነው። ባለሙያዋ እኔ ነኝ።

በጥቅምት ኩሬው ተመጥጦ ወለሉ ተቆፈረ። እኔም ተጠርቼ ነበር። ላይኛው አንድ ስንዝር ያህል አመድማ ሆኖ በእጄ ሳሸው ፍርክስ አለ። ቀጥ ብለው የሚወርዱ ስንጥቆች ነበሩበት፤ በስንጥቆቹ ዳር ነጭ ጨው ደርቋል። ከሥር ያለው ገና ጥቁር ነው፤ እርጥብ ነው፤ ጣት ላይ ይጣበቃል። አንተ በትክክል ነበር የደለደልከው፣ ዓሪፍ። ውፍረቱም፣ አጠቀጣጠቁም እንከን አልነበረውም። ይህን ለአጣሪዎቹ ተናግሬያለሁ፣ ጽፈውታልም።

አሁን ስለ እናትህ ልንገርህ።

ጉድጓዱ እንደተበላሸ ከታወቀ በኋላ ቦቴ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ከዋናው መንገድ እያመጣ ያድል ነበር። እናትህ ግን ሰልፍ አልሄድም አሉ። ወልድያ ይምጡ ብዬ ስለምናቸውም «ልጄ የሠራው ነገር ሰው አይጎዳም፤ ወሬ ነው» ብለው ከዚያው ጉድጓድ ይጠጡ ነበር። ለአንተ ስም ብለው ነው የጠጡት። መስከረም ሃያ ዙህር ሲሰግዱ ከሱጁድ መነሳት አቃታቸው። ጎረቤት ደርሶ ወልድያ ሆስፒታል አስገባናቸው። ደም ግፊታቸው ጣሪያ ነክቶ ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈስሷል። ሐኪሙን ጠየቅኩት። «ግፊቱ ድሮም ነበረባቸው፤ ጨዉ ብቻውን ነው ያመጣው አልልሽም። አባብሶታል ግን» አለኝ። ያን ቀን አሥራ ሰባት ጊዜ ደወልኩልህ።

አሁን አልሐምዱሊላህ ይናገራሉ፣ ምላሳቸው ከብዷል እንጂ። የግራ እጃቸው አልተመለሰም። በዱላ ይራመዳሉ። ወጥ ያለ ጨው ስሠራላቸው ያለቃቅሳሉ፤ ይህን ስሰማ ደስ ይለኛል፣ እሳቸውነታቸው አለ ማለት ነው።

እሳቸው ሆስፒታል በተኙ ማግስት የድሮ የሕክምና ካርዳቸውን ፍለጋ የአንተን የወረቀት ቦርሳ ከፈትኩ። ካርዱን አገኘሁት። ከሥሩ ፋብሪካው በኅዳር 2016 ለአንተ የጻፈው ደብዳቤ ነበር። እጣቢው ውስጥ ያለው ሁሉ ተዘርዝሯል። ጨው ከነመጠኑ። ፖታሽ ከነመጠኑ። ከዚያ ቀጥሎ «የሚለቀቅበት ሙቀት፦ ሰማንያ አምስት ዲግሪ»። እሷ መስመር በእርሳስ ተሰርዛለች። ከጎኗ በአንተ እጅ ጽሑፍ «ይቀዘቅዛል» ተብሎ ተጽፏል።

ሆስፒታሉ ድረስ በእግሬ ነው የሄድኩት። ባጃጅ መጥራት አልታወሰኝም።

ለምን እንዳደረግከው ብዙ ቀን አስቤያለሁ። ክፉ ሰው ስለሆንክ አይደለም። ሙቀቱን ብትጽፈው ምርመራው ወራት ይፈጅ ነበር፤ ፋብሪካውም ሌላ ወረዳ ይሄድ ነበር። ኩሬው እስኪደርስ ይቀዘቅዛል ብለህ ለራስህ ነገርከው፤ አመንከውም። የሰፈርህን ሰው ቶሎ ልትጠቅም ፈለግክ። ይህን ሁሉ ለአንተ ሆኜ ለራሴ ተከራክሬያለሁ። ግን አንድ ነገር አያልፍልኝም። የምርመራውን ውጤት ይዤ ፊትህ ስቆም ሙቀቱን ታውቀው ነበር። «አንድ ቀን ለክተሽ ነው?» ብለህ ስትጠይቀኝ ቁጥሩን ከእኔ በፊት ታውቀው ነበር። ያን ጊዜ እንኳ ብትነግረኝ አብረን እንጽፍ ነበር።

በጥቅምት አጣሪዎቹ አስቀርበው «ሙቅ ውሃ መሆኑን ለምን ሳታጣሪ ፈረምሽ?» አሉኝ። «አልጠየቅሁም» አልኳቸው። ይህ ውሸት አይደለም። ሙሉ እውነትም አይደለም። ወረቀቱ ያኔ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። እስካሁን ከእኔ በቀር ያየው የለም፤ አቶ በላይም የእነሱን ቅጂ አላወጡትም፣ ለምን እንደሆነ አንተም ታውቃለህ። እነሱም ሙቀቱን ያውቁ ነበርና።

ባለፈው ሳምንት ሸህ አብዱልሐሊም እናትህን ሊጠይቁ መጡ። የሰፈሩን ወሬ ነገሯቸው። ሁለት ላም ሞቷል። ብርቱካኖቹ ደርቀው እየተቆረጡ ነው። ሰዎቹ ጁምዓ ተሰብስበው ዱዓ ሊያደርጉ ነው፤ ይህን ያደረገው ሰው እንዲጋለጥ፣ አላህ እንዲፈርድበት። እናትህ እስከ መጨረሻው ሰሙና ደህናውን እጃቸውን ወደ ሰማይ አነሱ።

«ያ ረብ! ይህን ውሃ አውቆ ያበላሸብንን የወለደ አንጀት...»

ዘልዬ እጃቸውን ያዝኩት። እንዴት እንደዘለልኩ አላውቅም። የሰውን እናት እጅ ከዱዓ ላይ አወረድኩ፤ በዕድሜዬ እንዲህ ዓይነት ብልግና ሠርቼ አላውቅም።

«አይርገሙ እማ! በአላህ፣ አይርገሙ!»

«ምነው? ምን ሆነሽ ነው?»

እጃቸውን ይበልጥ ጨብጬ ያዝኩ። ሸህ አብዱልሐሊም መሬት መሬት አዩ። እናትህ እጃቸውን ከእጄ አላስለቀቁም፤ ፊቴን ብቻ አዩኝ። ያስተያየታቸውን ርዝመት ልነግርህ አልችልም። ከዚያ ቀስ ብለው «አዑዙ ቢላህ» አሉና እጃቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩት። ሸህም ተነሥተው ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ኩሬው አንድ ቃል አልጠየቁኝም። ድሮ ከሶላት በኋላ በዱዓቸው «ዓሪፍዬን» ሲሉ ግድግዳ አልፎ ይሰማኝ ነበር። አሁን ከንፈራቸው ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው።

ዓሪፍ፣ ኅዳር 25፣ ሐሙስ፣ መርሳ ፍርድ ቤት እቀርባለሁ። ይህ እንደ ጥቅምቱ ጥያቄ አይደለም፤ ቁርኣን ይዤ ነው የምመሰክረው። «ሙቀቱን ከእርስዎ የደበቀ ሰው ነበር ወይ?» ብለው ከጠየቁኝ፣ አላህን ይዤ የለም አልልም። ለአንተም ብዬ አልልም። ሥራዬን ሊወስዱብኝ ይችላሉ፤ እሱን ለምጄዋለሁ። ግን ከእኔ አፍ ከሚወጣ ከአንተ አፍ ቢወጣ ለአንተም ይሻላል፤ ለሰፈሩም ይሻላል፤ ፋብሪካውም ጥፋቱን ተካፍሎ፣ ውሃውን አቀዝቅዞ፣ ወለሉን በሌላ ነገር ሠርቶ ሰዎቹን እንዲመልስ ያደርገዋል። ወንዳወቅ አሰላስሎታል፤ ይቻላል ይላል። ለዚያ ግን እጣቢው ውስጥ ያለውን ሁሉ የሚያውቅ መሐንዲስ ቆሞ መናገር አለበት። አማን ማክሰኞ ኅዳር 23 ባዶውን ይመለሳል። ጎኑ ያለው ወንበር ክፍት ነው።

ዛሬ ጠዋት ይህን ስጽፍ እናትህ ዱላቸውን ይዘው መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ለእሱ ነው?» አሉኝ።

«አዎ እማ።»

ከዚያ ምላሳቸው እየከበዳቸው፣ አንድ አንድ ቃል እያረፉ፣ «ጻፊልኝ» አሉ። ያሉትን ሳልጨምር ሳልቀንስ እነሆ፦

«አልረገምኩትም በይው። እጄን የያዝሽው አንቺ ነሽ እንጂ፣ ባውቅስ አልረግመውም ነበር። ምርቃቴን ግን በወረቀት አልክለትም። አንድ ደህና እጅ ቀርቶኛል፤ መጥቶ ከዚያው ይውሰድ።»

ስለዚህ በሌላ ደብዳቤ መጨረሻ የሚጻፈውን የእናት ምርቃት በዚህ ውስጥ ፈልገህ አታገኘውም። የእኔን ብቻ ያዝ፦ አላህ መንገድህን ያቅልልህ፤ ልብህን ያበርታልህ፤ በሰላም ያግባህ።

ሚስትህ
ነኢማ